በቀኝ ጎኗ የማትተኛ ጠቦት

ጥቅምት 4

ለመርፌዬ፣

ይህ ደብዳቤ ሾፌሩ በመንገድ ከፍቶ ካላነበበው በደህና ይድረስሽ። ካነበበው ደግሞ፣ ሾፌር ሆይ፣ እንደምን ሰነበትክ? መሪህን ጨብጥ እንጂ የሰው ፖስታ አትጨብጥ። እኔ አያትሽ ከጉልበቴ፣ ከጥርሴና ከጎረቤቴ በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ድምጿ ከቀን ወደ ቀን እየጠነከረ ነው፤ በተለይ እኔን ስትቆጣ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በጎቼ እያለቁ ነው። መጀመሪያ ሻሼ ሄደች። ቀጥላ አንካሳዋ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያቺ አምና ስትመጪ የኮትሽን ቁልፍ የበላችው ተነሺ ብላት እምቢ አለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ይከሳሉ፣ የዓይናቸው ሽፋን ውስጡ ወረቀት ይመስላል፣ ከመንጋጋቸው ሥር ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለውን አባቴም አላየ፣ አያቴም አላየ። ታዲያ ያልነበረ ነገር ከየት መጣ? ሰው አመጣው። ማን? ግንበኛው ነዋ!

መቼም ታውቂዋለሽ። አብረን ያደግን፣ አጥር የምንጋራ ሰው ነው። አምና "ያንን የላይኛውን ዳገት ልቀቅልኝ፣ ድንጋዩ ለሥራዬ ይሆነኛል" ብሎኝ "ሞቼ ነው?" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ረዘመ። ሰላምታው የሚረዝም ሰው፣ ልጄ፣ ልብ በይ። አንድ ቀን ደግሞ ዳገቱ ሥር ወዲያ ወዲህ ሲል አገኘሁት፤ እጁ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። "ምንድነው?" ብለው "ኖራ ነው" አለኝ። መርዝ የያዘ ሰው "መርዝ ነው" ይላል እንዴ?

ክረምቱ ሲገባ በጎቹን ከዳገቱ አውርጄ ከሱ ራቅ ወዳለው ወደ ታችኛው መስክ ወሰድኳቸው። እዚያ የሱ ቦይ የሚያፈስሰው ውሃ ተኝቶ ስለሚውል ሣሩ በጋ ከክረምት ለምለም ነው። እንዲያም ሆኖ እየሞቱ ነው! መርዙ ምን ቢረቅቅ ነው እስከዚያ ድረስ የሚከተላቸው? አንቺ የእንስሳት ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምትሠሪ የመርዝ ማርከሻ ካለ ላኪልኝ። የሰው ክፋት ማርከሻ ካለም አብረሽ ላኪ።

ከዚህ ጋር የምንጫችንን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። አምና ክረምት ሁለታችን በየማለዳው ምንጩ ዳር ቁጭ ብለን ጥርሳችን አረንጓዴ እስኪሆን የበላነው ነው። ያ ምላስ የሚቆነጥጠው። የገበያ አትክልት አትብዪ፤ ማን እንዳጠበው፣ በምን ውሃ እንዳጠበው አይታወቅም። እኔ በእጄ ያልቀጠፍኩት ቅጠል አፌ አይገባም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እግርሽን እንቅፋት፣ ስምሽን ወሬ አያግኘው።

አያትሽ

ጥቅምት 29

ለውድ አባባ፣

ከራስ ጸጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ሾፌሩ ፖስታውን አልከፈተም። ሰላምታዎን ሳነብለት ግን የመኪናው ጎማ ላይ ተደግፎ ሲስቅ ቆየ፤ ሦስት ጊዜ ደግሜ እንዳነብለት አደረገኝ።

አባባ፣ እባክዎ ግንበኛውን ተዉት። ኖራ በግ ቢገድል ኖሮ ቤታችን በተለሰነ ቁጥር ከብቶቻችን ባለቁ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መስኩ ላይ፣ ጭቃው ውስጥና ምንጩ ዳር ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሉ? ካሉ በማንኪያ ለቅመው በላክሁልዎ ብልቃጥ ይጨምሩልኝ። በባዶ እጅዎ አይንኩ። ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ አይቅመሱ። አውቅዎታለሁ፤ አይቅመሱ።

ለምን እንደምጠይቅ ልንገርዎ። እዚህ የምንከታተላት አንዲት ጠቦት አለች። ከስታለች፣ ትኩሳት ይመላለስባታል፣ ከቀኝ ጎድን አጥንቷ ሥር ያማታል፣ በቀኝ ጎኗ መተኛት አትችልም። የርስዎ በጎች ሕመምና የሷ አንድ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

የምሠራበት ክፍል ያው ነው፤ መስኮቱ ጋራዥ ያያል፣ ማቀዝቀዣው ላይ "ምግብ አይቀመጥበትም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ውስጡ ሁልጊዜ የአለቃዬ ምሳ አለ። ቅጠሉ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ አሁንም በየማለዳው ይበሉታል?

እድሜዎን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ።

መርፌዎ

ኅዳር 19

ለመርፌዬ፣ የቀንድ አውጣ ነጋዴዋ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እንደ ድሮዬ ነኝ፤ ድሮዬን የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ስለሌለ ማንም አያስተባብለኝም።

የሰው ልጅ ወርቅ ላክ፣ መድኃኒት ላክ ተብሎ ሲታዘዝ ሰምቻለሁ። ቀንድ አውጣ ላክ ተብሎ የታዘዘ ግን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ታዘዝኩ። የእናትሽን የወጥ ቤት ማንኪያ በድብቅ ወስጄ መስኩ ውስጥ ተንበረከክሁ። አሉ ወይ? ልጄ፣ ምስር በጭቃ ላይ የተዘራ ነው የሚመስለው! አንዳንዱ ከምስርም ያንሳል፤ ቡናማ፣ ሹል፣ ቤቱን ተሸክሞ የሚንፏቀቅ። ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ዱሮ ኅዳር ሲገባ ውርጩ መስኩን ነጭ አድርጎት ያድር ነበር፤ በበጋ ደግሞ ጭቃው ደርቆ ይሰነጠቅ ነበር። አሁን ቦዩ አያደርቀውም፣ ውርጩም ከቀረ ሰንብቷል። እኛም ጉልበታችን አረፈ ብለን ምስጋና አብዝተን ነበር።

ተንበርክኬ ስለቅም ያ ግንበኛ ከግንቡ ላይ ሆኖ አየኝ።

"አያ ጠርጥር!"

"አቤት፣ አያ ድንጋይ!"

"ጭቃ ውስጥ በማንኪያ ምን ትለቅማለህ?"

"ራቴን።"

"ጥርስ የለህ፣ በምን ትሰብረዋለህ?"

"አንተስ ልብ የለህ፣ በምን ትኖራለህ?"

ሳቀ። ከዚያ ብልቃጡን አየና ሳቁ ቆመ። "ስማ፣ እሱ የሚሸተው ምንድነው? ቦዬ ውስጥ የሆነ ነገር እያፈሰስክ እንዳይሆን!" አለኝ። እኔን! ዘመኔን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ አንድም ቀን ተጠርጥሬ አላውቅም። ለካ እንዲህ ያቃጥላል! እቤት ገብቼ ለእናትሽ ብነግራት "የዘሩትን ማጨድ ነው" ብላ ማንኪያዋን ተቀበለችኝ። መልሳም ጣለችው።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ በጥርጣሬ። ጠቦቷ "ቀኝ ጎኔን አመመኝ" ብላ ነገረችሽ? የኔዎቹ እስኪሞቱ ድረስ የግራም የቀኝም አይነግሩኝም። የናንተ አገር በግ ከኛ የተሻለ ተምሯል ማለት ነው። ደግሞ ቅጠሉ "ደርሶኛል" አልሽ እንጂ "ጣፈጠኝ" አላልሽም። አንቺ ያንን ቅጠል ተቀብለሽ ዝም የምትዪ ልጅ አልነበርሽም። ጽሕፈትሽም አንሷል። ወረቀት ተወደደ ወይስ እጅሽ ደከመ?

ቅጠሉን እበላለሁ ወይ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ፀሐይ ትወጣለች ወይ ብለሽ ጠይቂኝ።

ያሰብሽው ይስመርልሽ፤ ያላሰብሽው አይድረስብሽ።

አያትሽ

ታኅሣሥ 24

መርፌዬ፣

ሾፌሩ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን። "ሰጥታህ ጥለኸው ነው" ብዬ የመኪናውን ወንበር አስነሣሁት፤ ከሥሩ የተገኘው አንድ እግር ካልሲ ብቻ ነው። "ልጅቷስ እንዴት ናት?" ብለው ወደ ጎማው እያየ "ደህና ናት፣ ትንሽ ቀጥናለች" አለ። ቀድሞውንም መርፌ ነሽ፤ ከመርፌ ቀጥኖ ምን ይኮናል?

ሁለት በጎች ጨምረው ሞቱ። እሱ ይቆየኝ። ጻፊ።

አያትሽ

ጥር 11

ለውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ስለ ዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

የላኩልኝን ቀንድ አውጣዎች አየኋቸው። በጎችዎን የገደለ ግንበኛው አይደለም። የጉበት ትል ነው። በቀላሉ ልንገርዎ። የታመመ በግ በጠጥ ሲጥል የትሉ እንቁላል አብሮ ይወጣል። እንቁላሉ ውሃና ሙቀት ካገኘ ይፈለፈላል፤ ከውስጡ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ነገር እየዋኘ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባባታል። ካላገኛት ሳይውል ሳያድር ይሞታል። ካገኛት ግን ሆዷ ውስጥ ይራባል፤ አንድ ሆኖ ገብቶ ብዙ ሆኖ ይወጣል። የወጣው ውሃ ዳር ባለው ሣር ላይ ይጣበቅና ጠንካራ ልብስ ለብሶ የሚበላውን ይጠብቃል። በጉ ሣሩን ሲበላ አብሮ ይገባና ጉበቱን እየበሳ ያድጋል።

ያ የተማረሩበት ውርጭ ዘበኛችሁ ነበር፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው፣ እንቁላሉንም እንዳይፈለፈል የሚይዘው እሱ ነበር። በጋው መስኩን ሲያደርቅም እንደዚያው። አሁን ሙቀቱ ወደ ደጋው ወጥቷል፣ ውሃውም አይደርቅም። ቆላው ሲደርቅ ለውሃ ወደናንተ የወጡት ከብቶች ትሉን ይዘውት መጥተው ይሆናል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ እርስዎ ግንበኛውን ሲከሱ ጥፋተኛው በማንኪያዎ ሥር ነበር።

እባክዎ በጎቹን ወደ ላይኛው ዳገት ይመልሷቸው፤ ደረቅ ስለሆነ ይሻላቸዋል። የሚሞት ካለ ሉካንዳ ነጋዴው ጉበቱን ይክፈተውና ያዩትን ይጻፉልኝ። ከቀሩት ከእያንዳንዳቸው በጠጥ እየለዩ በብልቃጥ ይላኩልኝ፤ በላዩ የማን እንደሆነ ይጻፉበት።

ደግሞ ያንን ቅጠል እኔ እስክጽፍልዎ ድረስ ጥሬውን አይብሉ። ለጊዜው ነው። ለጥንቃቄ።

እማዬ በስልክ "ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል" አለችኝ። ታመዋል እንዴ? ቀኝ ጎንዎን ያምዎታል?

መርፌዎ

የካቲት 6

ለመርፌዬ፣

እንደምን አለሽ? የኔን ጤና ጠይቀሽኛልና ልመልስ፤ ቀበቶውን የበሳው አይጥ ነው። አይጥ መሆኑን በምን አወቅህ ካልሽኝ፣ ቀዳዳው በጣም የተስተካከለ ነው፤ ያገራችን አይጥ ባለሙያ ነው። እናትሽ ደግሞ ለሰላዮች ደመወዝ የሚከፍል ካለ ትቀጠር።

በጎቹን ወደ ዳገቱ መለስኳቸው። ግንበኛው አይቶ "ታረቅን ማለት ነው?" አለኝ። "በጎቹ ናቸው የታረቁህ፣ እኔ ገና ነኝ" አልኩት። ትሉን እሱ ዘርቶት ይሆናል የሚለውን ሐሳቤን ለጊዜው አሳድሬዋለሁ እንጂ አልጣልኩትም።

ቀንዳሟ ሞተችና ጉበቷን ሉካንዳ ነጋዴው ከፈተው። ቢላዋው ሲገባ ኪርር አለ፤ አሸዋ የሚቆርጥ ይመስል። ቧንቧዎቹ ደንድነዋል። ከውስጣቸው ምን እንደወጣ ልንገርሽ? ቅጠል! ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቅጠል። ሉካንዳ ነጋዴው ሃያ ዓመት ጉበት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። እኔም ጥቂት ቆሜ አየሁት። ቅጠል መሳይ ነገር ጉበት ውስጥ! እቤት እስክገባ ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም።

የኔን ቅጠል በተመለከተ ግን አትልፊ። የበግ በሽታ ለበግ ነው። ገበያው በሙሉ ቢበከል እንኳ ያንን ምንጭ አምነዋለሁ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ዋሽቶኝ አያውቅም። "ለጊዜው፣ ለጥንቃቄ" ብለሽ ጽፈሽልኛል። ሐኪም ሁለት ጊዜ "ለ" ሲል እፈራለሁ።

ብልቃጦቹን ልኬልሻለሁ። የጥቁሯ፣ የመንትዮቹ እናት፣ የዕውሯ፣ የጆሮ ቁራጯ፣ የሁለቱ ቄንጠኞች፣ በሁሉም ላይ ጽፌያለሁ። በመጨረሻው ላይ "አውራው በግ" ይላል። እሱን በደንብ እይልኝ። አርጅቷል፣ ግትር ነው፣ ከሣህኑ ላይ ምግብ ይተርፈዋል፣ ከቀን ወደ ቀን ፀባዩ እየከፋ ነው። እሱም በቀኝ ጎኑ አይተኛም።

ጠቦትሽ እንዴት ሆነች? ሰላም በይልኝ።

አያትሽ

የካቲት 22

አባባ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን አሟላለሁ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

አውራው በግ የባቄላ ልጣጭ ይበላል። የቃሪያ ፍሬም ይበላል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ በግ አይቼ ስለማላውቅ አለቃዬን ጠራሁት፤ በማጉያ መነጽሩ ዝቅ ብሎ አየና "ይህ በግ ጡረታ የሚወጣው መቼ ነው?" አለኝ። እማዬን ደውዬ ስጠይቃት "የምን አውራ በግ? ቤታችን አውራ በግ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል" አለችኝ።

አባባ፣ አልስቅም። ውስጡ የትሉ እንቁላል አለ፤ ቢጫ፣ ባንድ በኩል ክዳን ያለው፣ ከጥቁሯና ከዕውሯ ጋር አንድ። ይህ በሽታ ለበግ ብቻ አይደለም። ዝም ካሉት ጉበትዎን ይጨርሰዋል። መድኃኒት አለው፤ ያድናል። ለጤና ጣቢያው ሐኪም የተጻፈ ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ነገ ሳይሆን ዛሬ ይሂዱ። የበጎቹ መድኃኒት ለብቻው ታሽጓል፤ የበግ ለበግ ነው፣ ከሱ ቀንሰው እንዳይውጡ። ቅጠሉን ዳግም በጥሬው እንዳይነኩት።

ጠቦቷ ተሽሏታል።

መርፌዎ

መጋቢት 5

ለመርፌዬ፣

እንደምን አለሽ? እውነቱን እንደምን አለሽ?

ወረቀትሽ ደርሶኛል። ታጥፎ ኪሴ ውስጥ ነው። ወደ ጤና ጣቢያውም አልሄድኩም። ቁጭ በይና አንብቢ።

ዓይን ያወጣ ውሸት ሲባል እሰማ ነበር። ቀንድ ያወጣ ውሸት ግን ካንቺ ነው ያየሁት። ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀምሮ ያቺን ጠቦት ጠርጥሬያታለሁ። በግ የቀኝ ጎኑን አይናገርም። በግ "ትኩሳት ተመላለሰብኝ" አይልም። የበግ ሐኪም ስለ በግ ሲጽፍ እጁ አያንስም፣ ሁለት ወር አይጠፋም። ሾፌሩም ስለ በግ ሲጠየቅ ወደ ጎማው አያይም። አምና ክረምት በየማለዳው ምንጩ ዳር አብረን የተቀመጥነው ደግሞ እኔና አንቺ ነን እንጂ እኔና በግ አይደለንም።

በቀጥታ ብጠይቅሽ "ደህና ነኝ" ትያለሽ፤ ካያትሽ ነው የወረስሽው። ስለዚህ ባንቺው ቋንቋ መለስኩልሽ። አንቺ ጠቦት ሆነሽ ከመጣሽ እኔ አውራ በግ ብሆን ምን ይገርማል? (አውራ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ሙክት አላልኩም፤ ልብ በይ።) የራሴን በብልቃጥ መላክ ቀላል እንዳይመስልሽ። እናትሽ በሩን እየደበደበች "ምን ስትሠራ ነው?" ስትል "ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው" አልኳት።

ጎኔን ማመም የጀመረኝ ካለፈው ዓመት መጨረሻ ነው። እሱ ግድ የለም፤ እኔ የምበላውን በልቼ የምጠጣውን ጠጥቻለሁ። እንቅልፍ የከለከለኝ ሌላ ነገር ነው። በጥቅምት ጠቅልዬ የላክሁልሽን ቅጠል በላሽው ወይ? በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ገበያውን አትመኚ ብዬ፣ በገዛ እጄ። ይህን ሳላውቅ መድኃኒት አልውጥም። ጠቦቷ በራሷ እጅ ትጻፍልኝ። እስክትጽፍ አውራው በግ እዚሁ ቆሟል። ግትርነቱን ታውቂያለሽ።

አያትሽ

መጋቢት 17

ለውድ አባባ፣

ጠቦቷ እኔ ነኝ።

የታመምኩት የርስዎ በጎች መሞታቸውን ከመጻፍዎ በፊት ነበር። ሐኪሞቹ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ ጭንቀት አሉኝ። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ማንም ሳይኖር የራሴን ናሙና በማጉያው አየሁት፤ የማውቀው እንቁላል ነበር። በየቀኑ ከበግ ውስጥ የማየው። የምበላው ሁሉ ተቀቅሎ የሚበላ ስለሆነ ከየት እንዳመጣሁት ሳስብ ትዝ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግን እሱን መጠርጠር አልፈለግሁም። በዚያው ሳምንት ደብዳቤዎና ቅጠሉ ደረሱ።

አልበላሁትም። ማለዳ ማለዳ ምንጩ ዳር የሚሸተው ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ጎኔን እያመመኝም አፌ ምራቅ ሞላ። አንዱን ወስጄ ከማጉያው ሥር አደረግሁት። ከቅጠሉ ጀርባ ተጣብቀው ነበር፤ ነጫጭ፣ ክብ፣ ተኝተው የሚጠብቁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይህን መሰለኝ።

ያልነገርኩዎ ስለፈራሁ ነው። የሰውን ሁሉ እጅ ሲጠረጥሩ ኖረው ያመኑት ያንን ምንጭ ብቻ ነበር። እኔንም ያሳደጉኝ ከሱ ጋር ነው። "ያሳመመን ያመኑት ምንጭ ነው" ብዬ እንዴት ልጻፍ? ቀንድ አውጣውን ያስለቀምኩዎ በራስዎ መንገድ እንዲደርሱበት ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ። ይህን ስጠብቅ ስንት ማለዳ በሉት።

ታኅሣሥ ውስጥ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። መድኃኒቱን ውጫለሁ፣ አሁን በሚገባ ተሽሎኛል፤ ይህን እየዋሸሁ አይደለም። ጽሕፈቴን ይዩት፤ አድጓል።

አሁን ይሂዱ። ወረቀቱ ኪስዎ ውስጥ ነው።

ጠቦትዎ

ሚያዝያ 28

ለጠቦቴ፣ ከጤና ጣቢያ ለተመለሰው አውራ በግ ብቸኛ ሐኪም፣

በመልካም ቀን፣ በመልካም ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንብቢው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ኮቴን ለበስኩ፣ "ጤና ጣቢያ ልሄድ ነው" አልኩ። እናትሽ ደንግጣ ተቀመጠች፤ እኔ በገዛ ፈቃዴ ሐኪም ጋ ስሄድ ዓለም ያለቀች መስሏት።

መራመድ ግን አልሆነልኝም፤ ጎኔ ወጋኝ። በሰፈራችን ጋሪ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሄጄ ከግንቡ ሥር ቆምኩ። ምን እንዳሰብኩ አልነግርሽም። እሱ ግን ፊቴን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ድንጋዩን ከጋሪው ላይ አራገፈ። መንገድ ላይ ሁሉን ነገርኩት፤ የበጎቹን፣ የኖራውን፣ የቀንድ አውጣውን፣ ያንቺን። ሲሰማኝ ቆየና፣

"አያ ጠርጥር፣ ይህን ሁሉ ዘመን እኔን ስትጠብቅ ጠላትህን በእጅህ እየቀጠፍክ ስትጎርሰው ኖረሃላ!" አለኝ።

"ልክ ነህ" አልኩት። እኔ! ይህንን ለማንም እንዳትነግሪ። ጥቂት ሄደን ደግሞ "ቦዩ እንደሚያፈስ አውቅ ነበር" አለ፤ "ብነግርህ ሆን ብለህ ነው ትለኛለህ ብዬ ዝም አልኩ።" እውነቱን ነው፤ እል ነበር። አየሽ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ አሳደግሁሽ፤ የጠረጠረም እንደሚመነጠር ሳልነግርሽ ቀረሁ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም ያንቺ እኩያ ናት። ወረቀትሽን አንብባ "አውራው በግ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። ለካ እሱንም ጽፈሽበታል! መድኃኒቱን እፊቷ አስዋጠችኝ፤ ምላሴን አውጥቼ እስካሳያት ድረስ አላመነችኝም። ጥሩ ሐኪም ትሆናለች፤ ትጠረጥራለች። ግንበኛውንም አስመርምሬዋለሁ፤ አንድ ሁለቴ ቅጠል ሰጥቼው ነበርና። ነጻ ነው። "የሰጠኸኝን አልበላሁትም፣ መርዝ ያደረግህበት መስሎኝ ለዶሮ ጣልኩት" አለኝ። ስንስቅ ጎኔን ይዤ ነው የሳቅሁት።

የዳገቱን ድንጋይ ፈቀድኩለት። በመጀመሪያው ድንጋይ የቦዩን ስንጥቅ ደፈነ፣ ከመስኩ ውሃውን የሚያወጣ ፍሳሽ ቆፈረ፣ በቀረው ምንጩን ከብት እንዳይገባበት ዙሪያውን ግንብ ገነባበት። መስኩ መሰንጠቅ ጀምሯል። በጎቹም መድኃኒታቸውን ከዋጡ ወዲህ አልሞቱብኝም። ሰውየውም ሰላምታው አጥሯል፤ "ዋልክ?" ይልና ያልፋል። ደህና ሰው ሆኗል ማለት ነው።

ቅጠሉን እናትሽ አፍልታ ቀቅላ ሰጠችኝ። ምላስ መቆንጠጡን ትቶ የታጠበ ካልሲ ካልሲ ይላል፤ የሾፌሩን ሳይሆን አይቀርም። ግን በላሁት። ምንጩ ዳርም አሁንም በየማለዳው እቀመጣለሁ፣ ባፌ ምንም ሳላደርግ። መጀመሪያ ላይ ተቀይሜው ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። አሁን ዞሬ እቀመጣለሁ።

ሐኪሟ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ናሙና ድጋሚ ይታይ ስላለች አንድ ብልቃጥ ልኬልሻለሁ። በላዩ ላይ "አያት" ይላል። በዚህኛው ውስጥ በግ የለም፤ ሳትጠረጥሪ ክፈቺው። እሺ፣ ትንሽ ጠርጥሪ።

ትናንት በቀኝ ጎኔ ተኛሁ፤ እስኪነጋም አልተገላበጥኩም። ጠቦቷስ?

አያትሽ